ማክሰኞ ቀሪ የተባለው ልጅ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ዛሬ በር ላይ በፍተሻ የተያዘ፦ አንድ የሽንኩርት ቢላዋ፣ ሁለት የብስክሌት ሰንሰለት፣ ካልሲ ውስጥ የታሰረ ድንጋይ፣ አንድ የግጥም ደብተር። ዘበኛው ሁሉንም በአንድ ፌስታል ጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው።

«ግጥሙ ምን አደረገ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እትዬ፣ አንብበው ይፍረዱ» አለኝ።

አነበብኩት። እውነቱን ነው። ከሰንሰለቱ የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

በዕረፍት ሰዓት ስምንተኛ «ሀ» እና ስምንተኛ «ለ» በኳስ ተጣልተው ሜዳው አቧራ ሆነ። አቧራው ሲወርድ አንድ ጥርስ መሬት ላይ ተገኘ። ዘበኛው በክብሪት ቀፎ አስቀምጦታል፤ «ባለቤቱ መምጣቱ አይቀርም» ይላል። ያገላገላቸው ምክትሌ ነው። ከጎማ ቱቦ የተቆረጠች፣ አንድ ክንድ የምታህል ነገር አለችው፤ ተማሪዎቹ «አስታራቂ» ብለው ሰይመዋታል። መመሪያው ዱላ ይከለክላል፤ ስለ ቱቦ ያለው ነገር የለም። ይህን ትርጓሜ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ሰምቼ ዝም ያልኩት ነኝ።

መመሪያው የመጣ ዓመት የግቢውን ዱላ በሙሉ አስለቅሜ በተቆጣጣሪዎቹ ፊት አቃጥያለሁ። ፎቶግራፉ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ አለ። እሳቱ በደንብ ወጥቷል።

ጡረታ ልወጣ አሥራ አንድ ሳምንት ቀረኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት። ወንበሩን የምለቅለት ለምክትሌ ነው፤ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ እዚሁ፣ እኔ እጅ የተማረ ልጅ ነው። ትጉ ነው። ስልክ ሲያወራ በቀኝ እጁ ይዞ ወደ ግራ ጆሮው ያሻግረዋል። ልማድ ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7 — በዕረፍት ሰዓት

ለስምንተኛ «ለ» አጭር ፈተና። ክፍልፋይ፣ አሥር ጥያቄ። (ዳይሬክተር ከሆንኩ ወዲህም አንድ ክፍል ሒሳብ አልተውኩም። እጄ እንዳይረሳ።)

የልብስ ሰፊዋ ልጅ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ጨርሶ አመጣ። መልስ ብቻ። «አሠራሩ የታለ?» «በጭንቅላቴ ነው የሠራሁት፣ ቲቸር።» «በማን ጭንቅላት?» «በእርስዎማ አይደለም።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ነካ አደረግሁትና ወደ ምክትሉ ላክሁት። ወረቀቱን አረምኩ፤ ዘጠኝ። አንዷን የቀነስኩት አሠራር ስላላሳየ ነው። ደወል ተደወለ።

ማክሰኞ — ማምሻውን

ከመውጫ ሰዓት በኋላ ዘበኛው እየሮጠ መጣ። በሠላሳ ስድስት ዓመት ይህ ሰው ሲሮጥ አይቼ አላውቅም፤ ወታደር ሳለ ጦር ሜዳም ላይ በእርምጃ ይሄድ የነበረ ይመስለኛል።

ዕቃ ቤት፣ ከተሰባበሩት ዴስኮች መሀል፣ ልጁ በጎኑ ተጋድሟል። አንድ ጫማው ወልቋል። ግንባሩ በዴስክ ጠርዝ ተሰንጥቆ ደሙ ወለሉ ላይ እንደ ቀለም ፈስሷል። ሸሚዙ ወደ ላይ ተሰብስቦ ጀርባው ይታያል። ጀርባው ላይ መስመሮች አሉ። ብዙ ናቸው፤ አልቆጠርኳቸውም። ከቀኝ ጆሮው እንደ ክር የቀጠነች ደም ወርዳ አንገቱ ላይ ደርቃለች። እሷ ቀደም ያለች ትመስላለች።

ምክትሌ ኮሪደሩ ላይ እጁን በመሐረብ እየጠረገ ነበር። «ወድቆ ነው፣ እትዬ፤ ዴስክ ላይ» አለኝ። መኪናው ውስጥ አስገብተን ስንጓዝ «ሲያመልጥ ወድቆ» ሆነ። ሐኪም ቤት በር ላይ ስንደርስ «ከግቢ ውጭ ተደብድቦ አግኝተነው» ብሎ ለነርሷ ነገራት። ነርሷ እኔን አየችኝ። እኔ የልጁን ሹራብ አየሁ። ክርኑ ላይ ተቀዶ ተጠግኗል፤ እንዲህ ያለ ስፌት ካላወቁበት አይታይም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

ልጁ አልነቃም።

ጠዋት ቢሮዬ ሦስት ሆነን ተቀመጥን፤ እኔ፣ ምክትሌ፣ እና የስፖርቱ መምህር። የስምንተኛ «ለ» ኃላፊ እሱ ነው፤ ስም የሚጠራውም እሱ። የስም መጥሪያው ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ማክሰኞ፣ በልጁ ስም ትይዩ፣ «አለ» ይላል።

«ይቺን እናስተካክላት» አለ ምክትሌ።

«ምኗን?»

«ልጁ ማክሰኞ ቀሪ ነበር። ከውጭ ተደብድቦ በራችን ላይ ወደቀ፣ እኛ አንስተን ሐኪም ቤት አደረስነው። ምስጋና ነው የሚገባን።»

የስፖርቱ መምህር ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። ብቻውን መሳቁን ሲያውቅ አቆመ። «ወንድሜ፣ ስሙን የጠራሁት እኔ ነኝ። ‹አቤት› ብሎኛል።»

«ሌላ ልጅ ይሆናል አቤት ያለው።»

«ድምፁ ጠፍቶኝ?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «ትምህርት ቤቱን ማሰብ አለብን» አልኩ። ይህን ዐረፍተ ነገር በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ አንድም ሰው መልሶት አያውቅም። የስፖርቱ መምህር ተነሥቶ ወጣ፤ በሩን አልወረወረውም፤ ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር። ምክትሌ በቀይ እስክሪብቶ ምልክቱን ወደ «ቀሪ» ለወጠው። ገጹን በማኅተም አጸናሁት። ማኅተሙ ተንጋዶ አረፈ። በማኅተም ታምቼ አላውቅም ነበር።

ወደ ቤት ስወጣ ዘበኛው ጠጋ አለኝ። «እትዬ፣ ልጁን ያነሳሁት ከበር ነው ከዕቃ ቤት? እንዳልሳሳት ብዬ ነው።»

«ከበር።»

«ከበር» አለና ሰላምታ ሰጠኝ። ታዛዥ ሰው ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ምክትሌ ስምንተኛ «ለ» ገባ። በሩ ክፍት ስለነበር ኮሪደር ላይ ሆኜ ሰማሁ። «ማክሰኞ ቀሪ የነበረው ማነው?» ቱቦዋ ጠረጴዛ ላይ ጧ ስትል ተሰማኝ። «ማነው?» ጥቂት ድምፆች የልጁን ስም ጠሩ። «አልተሰማኝም፤ ሁላችሁም!» ሦስት ጊዜ አስደገማቸው። በሦስተኛው አርባ ስምንት ሕፃናት እንደ አንድ ሰው ጮኹ፤ መስኮቱ ነዘረ።

ማስደገሙን ከእኔ ነው የተማረው። ማባዛትን ያስተማርኩት እንዲሁ ነው። ሰው ሳያምንበትም ይይዘዋል።

ስለ እኔ ግን አንድም ልጅ ትንፍሽ አላለም። እንዲያው ስለ ምን ይላሉ? ጥፊ በእኛ ግቢ ወሬ አይደለም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13

እናቱ መጣች። የግቢያችንን ዩኒፎርም ግማሹን የሰፋችው እሷ ናት። ቀኝ ትከሻው ላይ ደም የደረቀበትን ሹራብ በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛ ነበር። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ኖሮ፣ ለሚያለቅስ ሰው የምናገረው አለኝ።

«እትዬ፣ ‹አልመጣም› ተብሎ ተጽፏል አሉኝ።»

«መዝገቡ የሚለው እንዲያ ነው።»

«ጠዋት ‹ዛሬ የእሷ ፈተና ነው› ብሎ ዳቦውን ሳይጨርስ ነው የሮጠው። ለእርስዎ ፈተና የሚሮጥ ልጅ ከበር ይመለሳል?»

«ልጆች ብዙ ነገር ይላሉ፣ እህቴ።»

ክንዴን ዳሰስ አድርጋ፣ «እጅጌዎ ተተርትሯል፤ አንድ ቀን ያምጡልኝና እጠግንልዎታለሁ» አለችና ወጣች። ከዚህ ይልቅ ብትቀጠቅጠኝ እመርጥ ነበር።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

ነቅቷል! ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዘግቶት የነበረውን ዓይኑን ገልጦ እናቱን አውቋታል። አይናገርም። ቀኝ ጆሮው አይሰማም ተባለ። ያም ቢሆን ነቅቷል። ሰውነቴ ስለቀለለኝ ወደ ቤት በእግሬ ሄድኩ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

ልጄ የልጅ ልጄን ይዛ መጣች። ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሲናገር የሚጨርስ አይመስልም። አንድም ቀን ብቻውን እኔ ዘንድ ትታው ሄዳ አታውቅም። ሥራ ሲበዛባት ለጎረቤት ትሰጠዋለች። «እኔ አለሁ አይደል?» ስላት፣ «አንቺ ይደክምሻል፣ እማ» ትለኛለች። አሳቢ ልጅ ናት።

ፀሐይ ዓይኗን ሲወጋት መጋረጃውን ልስብ እጄን አነሣሁ። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ወሬዋን ሳታቋርጥ ቀኝ ጆሮዋን በመዳፏ ሸፈነች። ከዚያ አውርዳው ወሬዋን ቀጠለች። ያደረገችውን የምታውቅ አልመሰለኝም። «ጆሮሽን ያምሻል እንዴ?» አልኳት። «ኧረ፣ ምንም» አለች።

ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የኔው ክፍል ነበር የተማረችው። ለልጇ አዳላች እንዳልባል ስል ከሌሎቹ አልለየኋትም። እንዲያውም ጨመር ነበር የማደርገው።

ግራኝ ነኝ፤ ማለት ነበርኩ። አንደኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ግራ እጄን በሲባጎ ከዴስኩ እግር ጋር እያሰረ በቀኝ ጽፌ እስክለምድ ድረስ ሲባጎውን አልፈታም። በቀኝ ለመድኩ። ጽሕፈቴ እንደሚያምር ሁሉም ይመሰክራል። ግራዬ ግን ቸኩላ ትነሣለች፤ ድስት ስትጋል፣ በር ሲንኳኳ፣ ሰው ሲስቅብኝ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

መርማሪ ፖሊስ መጣች። ልጄን የምታህል ሴት፣ ጫማዋ ጭቃ የነካው፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ። የሐኪሙን ወረቀት አነበበችልን፤ ጀርባው ላይ በክብ ነገር የተመታ ሰንበር፣ ግንባሩ ላይ ስንጥቅ፣ የቀኝ ጆሮው ታምቡር በመዳፍ ጥፊ ተበስቷል።

«ይቺ ጆሮ ናት ያስቸገረችኝ» አለች። «ቀኝ እጅ ፊት ለፊት የቆመን ሰው ሲመታ የሚያርፈው ግራ ጆሮ ላይ ነው። ይህን ልጅ የመታው በግራ እጁ ነው።» ለሁላችንም ወረቀት አደለችን፤ ስምና ፊርማ። ስንፈርም እጅ እጃችንን ታይ ነበር። ምክትሌ በቀኙ። ዘበኛው በቀኙ፣ ምላሱን አውጥቶ። የስፖርቱ መምህር በቀኙ። እኔ በቀኜ።

«ሁላችሁም ቀኞች ናችሁ» አለች። ቅር ያላት መሰለች።

የስፖርቱ መምህር «ልጁ ማክሰኞ ነበረ፤ እኔ ነኝ የጠራሁት» ብሎ ቃሉን ሰጠ። የስም መጥሪያውን አሳየናት። ማኅተሙን አየች። በአንድ ሰው ቃልና በማኅተም መካከል ሕግ ወዴት እንደምታጋድል ማንም ያውቃል።

ሐኪም ብዙ ነገር ይጽፋል።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

ድንጋይ። አሥራ አራት መስታወት። አንዱ የሁለተኛ ክፍል ልጅ እግር ሥር ወደቀ፤ ልጅቷ ድንጋዩን አንስታ «ቲቸር፣ የማነው?» ብላ አመጣችልኝ።

የልጁ ታላቅ ወንድም ነው፤ ብረት በያጅ፣ አንገቱ እንደ ግንድ። ጓደኞቹን ይዞ በር ላይ ቆሞ «የመታውን አውጡልኝ!» ይላል። ምክትሌ ወጥቶ አነጋገረው። መስኮቴ ክፍት ነበር።

«እኔን ምን ትለኛለህ፣ ወንድሜ?» ይላል ምክትሌ። «ልጆቹን የሚይዝ የክፍሉ ኃላፊ ነው። ‹ማክሰኞ ነበረ› ብሎ ለፖሊስ የተናገረው እሱ ብቻ ነው። ከነበረ ምን እንዳደረገው የሚያውቅ እሱ ነዋ! የስፖርቱን መምህር ጠይቀው።»

መስኮቱን ዘጋሁት። ቀዝቃዛ ነፋስ ይገባ ነበር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

የስፖርቱን መምህር ትናንት ማታ ቤቱ በር ላይ ጠብቀው ደበደቡት። ሦስት ናቸው። በብረት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ሐኪም ቤት ሄጄ አየሁት። የቀኝ ጉልበቱ ደቅቋል፤ መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። ፊቱ የማንም ፊት አይደለም፤ እንደ ተቀጠቀጠ ቆርቆሮ። ሚስቱ እንደነገረችኝ መጀመሪያ ጉልበቱን ነው የመቱት፤ ሲወድቅ እየተቀባበሉ። በያጁ «ወንድሜን እንዲህ ነበር?» እያለ በየምቱ ይጠይቀው ነበር አለች። እሱም በየምቱ «እኔ አይደለሁም» ይል ነበር፣ መንጋጋው እስኪሰበር። በያጁ ታስሯል። ስለዚህ እናቲቱ አሁን አንድ ልጅ አልጋ ላይ፣ አንድ ልጅ እስር ቤት አላት።

ጎንበስ ስልለት በጥርሱ መካከል ተናገረ። ቃሉ ሲወጣ ምራቅና ደም አብሮት ይወጣል።

«እኔ … ‹አለ› … ብዬ ነው የጻፍኩት። እርስዎም … አይተዋል።»

«አይዞህ፣ ደህና ትሆናለህ» አልኩት። ሰው በሕይወቱ ብዙ የረባ ነገር ተናግሮ ሊሆን ይችላል፤ በቦታው የሚወጣው ግን ይሄ ነው።

ከዚያ ቤቴ ገብቼ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ማርክ ሊስቴ ውስጡ ነው፤ የስምንተኛ «ለ» ሒሳብ። ሚያዝያ 7፣ አጭር ፈተና። በልጁ ስም ትይዩ ዘጠኝ። በቀይ፣ በሚያምር ጽሕፈቴ። ቀሪ ልጅ ውጤት የለውም። ይህን አንድ የመጀመሪያ ዓመት መምህር ያውቃል። መዝገብ የሠረዝን፣ አርባ ስምንት ልጅ ያስደገምን ሰዎች ማርክ ሊስቱን ረሳነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው የሚረሳው እንዲህ ያለውን ነው፤ ሁልጊዜ እጁ ላይ ያለውን።

ረሳነው አልኩ። ምክትሌ ረሳው። እኔ ማኅተሙን ከመታሁበት ረቡዕ ጀምሮ ቦርሳዬን ባነሣሁ ቁጥር ይከብደኝ ነበር።

እሑድ፣ ግንቦት 17

የልጅ ልጄ ብርጭቆ ሰበረ። ሰብሮ ሳቀ። ሳቁ ነው።

ግራ እጄ አየር ላይ ሳለች ልጄ የእጄን አንጓ ያዘችው። እንዲህ ያለ ጉልበት እንዳላት አላውቅም ነበር። አጥንቴ ተንቋቋ።

«አውርጂው፣ እማ።»

«ልጅቷ፣ ምን ሆነሻል? ላስፈራራው ነው።»

«እኔንም ልታስፈራሪኝ ነበር።» ቃሏን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው፤ ልጁ እንዳይሰማ። «ያን ልጅ ማን እንደመታው አልጠይቅሽም። ግን ቀኝ ጆሮው ነው አሉ።»

እጄን ለቀቀችና ስብርባሪውን መልቀም ጀመረች። ልጁ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ተሸጉጦ ያየኝ ነበር። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አክብሮት እያልኩ ስጠራው ኖሬያለሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ልጁ ቤቱ ገብቷል። ለእናቱ መናገር ጀምሯል፤ ለመርማሪዋ ግን አፉን አይከፍትም አሉ።

ምክትሌ ቢሮዬ ገብቶ በሩን ዘጋ። ትጉ ነው አላልኩም? አስታወሰ።

«እትዬ፣ የስምንተኛ ‹ለ›ን ማርክ ሊስት ይስጡኝ፤ ውጤት ልናጠቃልል ነው።»

«እቤት ረስቼዋለሁ።» ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነበር።

ቦርሳዬን አየ፤ ፈገግ አለ። «ያቺን የሚያዝያ ሰባት ፈተና እናጥፋት። ሌላ እናስቀምጥና በንጹሕ ገጽ ይገልብጧት።»

«የስፖርቱ መምህር መቼም ከእንግዲህ አይሮጥም» አልኩ።

«እኔ ነኝ የመታሁት?»

«የጠቆምከው አንተ ነህ።»

«መስኮቱን የዘጉት እርስዎ ነዎት።» ወንበር ስቦ ተጠጋኝ። ድምፁ የልጅ አክብሮት አልጎደለውም፤ የሚያስፈራው እሱ ነው። «እትዬ፣ ጀርባው የኔ ነው፤ አልክድም። ‹በመውጫ ሰዓት ዕቃ ቤት ጠብቀኝ› ያልኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ መጀመሪያ ሲመጣልኝ ግን ጆሮውን ይዞ እየደማ ነበር የመጣው። የላኩልኝ እርስዎ ነዎት። ‹ቅጣው› ተብሎ የመጣ ልጅ ነው የቀጣሁት። ይሄውልዎት …» ቀኝ ጆሮውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ሦስተኛ ክፍል፣ የሰባት ማባዣ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ በኩል ሰምቼ አላውቅም። ለማንም አልተናገርኩም። ስለዚህ እኔ ከወደቅኩ አብረን ነው። እኔ የእርስዎ ሥራ ነኝ፣ እትዬ።»

ቱቦዋን አንስቶ ወጣ።

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለውን ተረት ለስንት ክፍል አስተማርኩ። ትርጉሙን ጻፉ እያልኩ። ከአሥር አርሜዋለሁ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ማርክ ሊስቱን ምድጃ አጠገብ ይዤ ቆሜ ነበር። ከዚያ የልጁን የፈተና ወረቀት አገኘሁ፤ ውስጡ ታጥፎ። አሥሩንም እንደገና ሠራኋቸው። አሥሩም ልክ ናቸው። ስድስተኛውን ሊኮርጅ አይችልም ነበር፤ ከእሱ በቀር ክፍሉ በሙሉ ስቷታል።

በጭንቅላቱ ነው የሠራው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

የመሸኛ ዝግጅት። ድንኳን፣ የተደረደረ ወንበር፣ ድምፅ ማጉያ የሚያፏጭ። አንድ ጥቅስ የተጻፈበት የግድግዳ ሰዓት ተሰጠኝ፤ ጡረታ ለሚወጣ ሰው ሰዓት የሚሰጥበትን ምክንያት የሚያውቅ ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። የስፖርቱ መምህር በክራንች መጥቶ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። አላጨበጨበም፤ ሁለቱም እጁ ክራንች ላይ ነው።

ምክትሌ ንግግር አደረገ። ጥሩ ተናጋሪ ነው። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል ይላሉ አበው። እኔ ዛሬ ሰው ሆኜ እዚህ የቆምኩት በእኒህ እናት እጅ ነው» አለና ወደ እኔ መጥቶ እጄን ይዞ ከፍ አደረገው። ሁለት እጅ አለኝ፤ የመረጠው ግራዬን ነው። በሕዝብ ፊት አንስቶ ይዞት ቆየ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጣቶቼን ጨምቆ ያዛቸው፤ ቀለበቴ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። ጆሮዬ አጠገብ፣ «ማርክ ሊስቱን ሰኞ» አለ።

ቀና ስል ተማሪዎቹን አየሁ። ስምንተኛ «ለ» ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር። እጄ ወደ ላይ ከፍ ብላ ሳለች፣ ፊት የተቀመጠችው የክፍሉ አለቃ አንገቷን ወደ ትከሻዋ ቀበረች። አጠገቧ ያለውም። ከዚያም ያለው። እንደ ነፋስ የነካው ሣር፣ ረድፉ በሙሉ። ማንም አልመታቸውም። እጅ ብቻ ነው ያዩት።

ማይኩን ሲያቀብለኝ «እናመሰግናለን» ብዬ መለስኩለት፣ ቦርሳዬን አንስቼ በድንኳኑ ጎን ወጣሁ። በር ላይ ዘበኛው ተነሥቶ ቆመ።

«እትዬ፣ ሰዓትዎን ረሱት።»

«ለአንተ ይሁን።»

«እኔም እኮ ጡረታዬ ደርሷል» አለ። ከዚያ ፈራ ተባ እያለ፣ «እትዬ፣ ያ ልጅ … አሁንም ከበር ነው?»

«ከዕቃ ቤት ነው። ለሚጠይቅህ ሁሉ ከዕቃ ቤት በል።»

«እፎይ» አለ። «በር ላይ ደም አልነበረማ፤ ሰው ሲጠይቀኝ ይጨንቀኝ ነበር።»

መርማሪዋ ቢሮዋ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ማርክ ሊስቱንም የፈተናውን ወረቀትም ፊቷ አስቀመጥኩ። ዘጠኙን አየች፣ ቀኑን አየች። ከወንበሯ ቀስ ብላ ተነሣች። «ይቀመጡ፣ እናቴ። የሚሉት ካለ ይጻፉልኝ።»

ጻፍኩ። «የልጁን ጆሮ የመታሁት እኔ ነኝ። ጀርባውን ምክትሌ። መዝገቡን ሁለታችን።» ሰጠኋት።

አንብባ ወረቀቱን መልሳ ገፋችልኝ። «ይሄ መልሱ ብቻ ነው። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ጀምረው አንድ በአንድ ይጻፉ። ካልበቃዎት ጀርባው ላይ ይቀጥሉ።»

ይህን ለስንት ሺህ ልጅ እንደተናገርኩት አላውቅም። አንድ በአንድ ጻፍኩ። ልጁ ሳቀብኝ አልልም፤ ክፍሉ ነው የሳቀው፤ ልጁ እውነቱን ነው የተናገረው። ግራ እጄን አነሣሁ። በሙሉ ኃይሌ ነበር። «ነካ» የሚል ቃል እዚህ ደብተር ላይ ጽፌአለሁ፤ እዚያ አልጻፍኩትም። ጭንቅላቱ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሄዶ ተመለሰ። ጆሮውን ይዞ «ቲቸር፣ ይጮህብኛል» አለኝ። «ወደ ምክትሉ ሂድና እሱ ያስጩህብህ» አልኩት። ጀርባው ላይ ቀጠልኩ። ሁለት ወረቀት ጨመረችልኝ።

«በግራዎ ነው?» አለችኝ ስጨርስ።

«መጻፍ አይፈቀድላትም ነበር» አልኳት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

ምክትሌን ሰኞ ወሰዱት። ቱቦዋንም እንደ ማስረጃ፣ በፌስታል። የኔ ቀጠሮ በሚቀጥለው ወር ነው፤ ጡረታዬ እስከዚያ ታግዷል። የበያጁን ጉዳይ መርማሪዋ «እንግዲህ ዳኛው ያያል» አለች። ልጄ ትናንት ብቻዋን መጥታ ጥቂት ተቀምጣ ሄደች። በር ላይ ስትደርስ ጉንጬን ሳመችኝ። ልጁን አላመጣችውም። ትክክል ናት።

ዛሬ የልብስ ሰፊዋ ቤት ሄድኩ። አንድ ክፍል፤ ሲንጀር መኪና፣ የቁራጭ ጨርቅ ክምር፣ ግድግዳ ላይ የታላቁ ልጅ የሥራ ጃኬት። እናቲቱ በሩን ከፈተችልኝ። መቀስ በእጇ ነበረ። ወዲያና ወዲህ አላደረገችውም፤ ያዘችው ብቻ።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ አልመጣሁም» አልኳት። «መብቱ የኔ አይደለም። ለእሱ የምነግረው አለኝ።»

«እዚያ ነው ያለው» አለች። «በግራው በኩል ይቀመጡ። በዚያኛው በኩል አይሰማም።»

በግራው ተቀመጥኩ። እናቱ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ከስቷል። ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ ገና ቀይ ነው። እጆቼን ሁለቱንም ጉልበቴ ላይ፣ እሱ በሚያያቸው ቦታ አስቀመጥኩ። ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠሁት። ዘጠኙን ሰርዤ አሥር አድርጌዋለሁ፤ ፈርሜበታለሁ። ረዥም ጊዜ አየው።

«አልኮረጅክም» አልኩት። «በጭንቅላትህ ነው የሠራኸው። የመታሁህ ስለተሳሳትክ አይደለም። ስለሳቁብኝ ነው። በድዬሃለሁ።»

ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ቀና ብሎ አየኝ።

«አልተሰማኝም» አለ። «ጮክ ይበሉ።»

የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቆመ። ጮክ ብዬ ደገምኩት።

«አሁንም አልተሰማኝም።»

ሠላሳ ስድስት ዓመት ልጆች ፊት ቆሜአለሁ። የሰማ ልጅና ያልሰማ ልጅ ፊት አይጠፋኝም። ከመጀመሪያው ሰምቷል። ለሦስተኛ ጊዜ፣ ጎረቤት እንዲሰማ አድርጌ ደገምኩት።